ኩሽኔታውን የጨረሰው ግራሶ ማጣት ብቻ አይደለም

ኩሽኔታ፣ ማለትም የሚዞር ዘንግ ተደግፎ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ በተቃጠለ ቁጥር ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። «ግራሶ አልመታችሁትም እንዴ?» ጥያቄው ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይነሳል፣ ወደ ጥገና ኃላፊው ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ መካኒኩ፣ መጨረሻ ላይ የግራሶ ፓምፕ የተሸከመው ልጅ ላይ ያርፋል። ልጁም በነጋታው ፓምፑን ይዞ ይዞርና ያገኘውን ኒፕል (ግራሶ የሚገባበትን አፍ) ሁሉ ግራሶው ዳር ዳሩን እስኪወጣ ድረስ ይሞላዋል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ኩሽኔታ ይቃጠላል።

እኔ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ሞተር፣ ፋን፣ እህል ወደ ላይ የሚያወጣው ኤሌቬተር፣ ሮለር፣ ወንፊት፣ የሚዞር ነገር ሁሉ ኩሽኔታ አለው፤ ኩሽኔታ ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ አንድ ቀን እኛ ጋ ይመጣል። ይህን የምጽፈው ለሙያ ጓደኞቼ ነው፣ ወፍጮ ቤት ላላችሁና ጋራዥ ለምትሠሩም ጭምር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ግን በየቦታው ሲጣስ ሳይ ያንገበግበኛል። ኩሽኔታ ግራሶ አጥቶ እንደሚሞተው ሁሉ ግራሶ በዝቶበት፣ የማይስማማ ግራሶ ተቀላቅሎበት፣ ከግራሶው ጋር አቧራ ገብቶበትም ይሞታል። ይህን ሁሉ በእጁ የያዘው ሰው ደግሞ በብዙ ፋብሪካዎቻችን ትንሹን ደመወዝ የሚያገኘው፣ ማንም ቁጭ አድርጎ ያላስተማረው ልጅ ነው።

ኤስኬኤፍ የተባለው የስዊድን ኩሽኔታ አምራች ለዓመታት ሲያሰራጨው የቆየ ስሌት አለ። ያለጊዜያቸው ከሚበላሹት ኩሽኔታዎች 36 በመቶው በቅባት ችግር፣ 14 በመቶው በቆሻሻ፣ 16 በመቶው በአገጣጠም ጉድለት ነው ይላል። የተረፈው ነው ከብረቱ ድካም ጋር የሚያያዘው። ልብ በሉ፣ የቅባት ችግር ማለት የቅባት ማነስ ብቻ አይደለም። መብዛቱም፣ ዓይነቱ አለመስማማቱም እዚያው ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ውስጡ ምን እንደሚካሄድ እንይ። ኩሽኔታው ውስጥ የሚንከባለለው የብረት ኳስ፣ ብዩ፣ ከቀለበቱ ጋር የሚነካካበት ቦታ እጅግ ትንሽ ነው። ሸክሙ በሙሉ እዚያች ቦታ ላይ ይከመራል፤ ግፊቱም ከ10,000 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ባለ ግፊት ውስጥ ዘይት እኛ እንደምናውቀው ዘይት አይሆንም። ለቅጽበት እጅግ ይወፍራል፣ ጠጣር ለመሆን ምንም አይቀረውም፣ ብረቱን ከብረት ለይቶ ያሳልፍና ወዲያው ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የዚህ የዘይት ሽፋን ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ1 ማይክሮን በታች ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ እንደሆነ አስቡትና አወዳድሩት። ስንት ዓመት በሙያው ብቆይም ይህ ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ቀንና ሌሊት የሚፈጭ ማሽን ሙሉ ክብደቱንና ጉልበቱን ጥሎ የሚዞረው በዓይን በማይታይ ዘይት ላይ ነው። ሽፋኑ ካለ ብረት ብረትን አይነካም። ሽፋኑ ከሳሳ ወይም 10 ማይክሮን የምታክል አሸዋ መሐል ከገባች ቀለበቱ ላይ ጉድጓድ ይቀራል፣ ከጉድጓዱ ዳር ስንጥቅ ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የጊዜ ጉዳይ ነው።

ግራሶ ራሱ አብዛኛው ዘይት ነው። የቀረው ዘይቱን አቅፎ የሚይዝ ሳሙና እና ጥቂት ኬሚካል ነው። የኩራዝ ክር ላምባውን ይዞ ቀስ እያለ እንደሚለቅ ሁሉ ሳሙናውም ዘይቱን ይዞ ለብዩ ቀስ እያለ ያቀብለዋል። ሥራውን የሚሠራው ዘይቱ ነው፤ ሳሙናው ቦታው ላይ ያቆየዋል። ይህን ያወቀ ሰው ግራሶ ሲገዛ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል።

ምክንያቱም ጣሳው ላይ «2» የሚል ቁጥር አይተን ነው የምንገዛው። ቁጥሩ ኤንኤልጂአይ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1933 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው የግራሶ ተቋም ያወጣው ደረጃ ነው፤ ከ000 ተነስቶ እስከ 6 ይደርሳል። የሚለካው የግራሶውን ጥንካሬ ብቻ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሾጣጣ ብረት ግራሶው ላይ ይለቀቅና በ5 ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል እንደሰመጠ ይታያል። ከ26.5 እስከ 29.5 ሚሊሜትር ከሰመጠ ቁጥር 2 ይባላል፤ በቃ። ውስጡ ስላለው ዘይት ውፍረት ምንም አይነግረንም። በደቂቃ 3,000 ዙር ለሚጠጋ ሞተር የተሠራ፣ የዘይቱ ውፍረት በ40 ዲግሪ ሙቀት 100 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) አካባቢ የሆነ ግራሶ ቁጥር 2 ነው። ዘይቱ 460 የሆነ፣ ቀስ እያለ ብዙ ሸክም ለሚሸከም ሮለር የተሠራውም ቁጥር 2 ነው። ጣሳዎቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ይመስላሉ። ቀጭኑን ከባዱ ቦታ ብትከቱት ሽፋኑ ይሳሳል፤ ወፍራሙን ፈጣኑ ሞተር ውስጥ ብትከቱት ይሞቃል።

ቀለሙስ? ቀለሙ ማቅለሚያ ነው። ቀይም ሰማያዊም አረንጓዴም አምራቹ እንደፈለገው የሚያደርገው ነው። ሞሊብዲነም ወይም ግራፋይት ገብቶበት የጠቆረው ብቻ ነው ቀለሙ ስለ ይዘቱ ትንሽ የሚናገረው። መርካቶ አንድ ሱቅ ገብቼ የዘይቱን ውፍረት ስጠይቅ ሻጩ «ወንድሜ፣ ይኼ ቀዩ ነው፣ ለሙቀት የሚሆነው። ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚወስደው» አለኝ። ሰውዬው ክፋት የለበትም፣ የሚጠይቁትን ነው የሚመልሰው፤ ገዢው ሁሉ በቀለም ስለሚጠይቀው እሱም በቀለም ይሸጣል። እኛ የመረጃ ወረቀቱን አምጣ ማለት ከጀመርን እሱም ከአስመጪው መጠየቅ ይጀምራል። በወረቀቱ ላይ የምትፈልጉት ጥቂት ነገር ነው፦ የሳሙናው ዓይነት፣ የዘይቱ ውፍረት በ40 እና በ100 ዲግሪ፣ የሚሠራበት የሙቀት ክልል፣ ውሃ መቋቋሙ። ምግብ የሚያልፍበት ማሽን ከሆነ ደግሞ ኤች1 የሚለውን ምልክት አትርሱ፤ ድንገት ምግቡን ቢነካ ጉዳት እንዳያመጣ ታስቦ የተሠራ ማለት ነው። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይመስለኝም፤ ዞሮ ዞሮ ሕፃናት የሚበሉት ዳቦ ነው።

አሁን ወደ መጠኑ ልምጣ፣ ከሁሉም በላይ ልቤን የሚያቃጥለኝ እሱ ስለሆነ።

ኩሽኔታ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ በግራሶ ሙሉ በሙሉ መሞላት የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 በመቶው ይበቃዋል። ከዚያ ሲያልፍ ብዩ ግራሶውን እያማሰለ ነው የሚሄደው፤ ማማሰሉ ሙቀት ያመጣል፤ ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ከሳሙናው ይነጥለዋል፣ ያስረጀዋል። መጨረሻ ላይ ኩሽኔታው ተከፍቶ ሲታይ ጠቁሮ የደረቀ ግራሶ ይገኛል። ያየ ሰው ሁሉ «ደርቆ ነው፣ ግራሶ አጥቶ ነው» ይላል። እና ለሚቀጥለው የበለጠ ይሞላል። ጥፋቱ ራሱን የሚደግመው በዚህ መንገድ ነው።

ኤሌክትሪክ ሞተር ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የተረፈው ግራሶ መውጫ ካጣ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው፤ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ላይ ይጋገራል፣ አቧራ ይይዛል፣ ሞተሩ ሙቀቱን እንዳያስወጣ ያፍነዋል። ሞተር ሊጠቀለል ሲከፈት ውስጡ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ያያችሁ ትኖራላችሁ። በእጅ የሚጨመቅ የግራሶ ፓምፕ ትንሽ ቢመስልም የሚፈጥረው ግፊት ብዙ መቶ ባር ነው። የኩሽኔታው የጎማ መከለያ ያንን አይችለውም። እጃችሁ ላይ ከበድ ሲላችሁ አቁሙ፤ መውጫው ተደፍኗል ማለት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ስንት ይበቃዋል? ለዚህ በየአምራቹ መመሪያ የሚገኝ ቀላል ስሌት አለ። የኩሽኔታውን የውጭ ዲያሜትር በስፋቱ አባዙት፣ ሁለቱም በሚሊሜትር፣ ከዚያ በ0.005 አባዙት። የሚመጣው የግራሶው ግራም ነው። ብዙ ሞተር ላይ የምናገኘውን፣ ቁጥሩ 6310 የሆነውን ኩሽኔታ እንውሰድ። የውጭ ዲያሜትሩ 110፣ ስፋቱ 27 ሚሊሜትር ነው። ስሌቱ 15 ግራም ገደማ ይሰጣል። 6206 ከሆነ 62 በ16 ነው፣ 5 ግራም ገደማ። ትልቁ 22220 ደግሞ 180 በ46 ነውና 41 ግራም ይወጣዋል። አንድ ሰው ሁሉንም በአንድ ዓይነት «አሥር ምት» (ፓምፑን አሥር ጊዜ በመጨመቅ) ሲያልፋቸው አስቡት። ትንሹ ይታነቃል፣ ትልቁ ይራባል።

ምቱስ ስንት ግራም ነው? ይህን መልስ ከማንም አትጠብቁ፣ ራሳችሁ መዝኑት። የግራሶ ፓምፕ ሁሉ አንድ አይደለም። ሚዛን ላይ ወረቀት አስቀምጡ፣ አሥር ጊዜ ጨምቁበት፣ የመጣውን ለአሥር አካፍሉት። ቁጥሩን ፓምፑ ላይ በቀለም ጻፉት። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ግን ከዚያ በኋላ «15 ግራም» የሚለው ነገር ስንት ምት እንደሆነ ይታወቃል።

ሞተር ላይ ስትመቱ የታችኛውን መውጫ ቡሎን ክፈቱ፣ ኒፕሉን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ ለደህንነት የማያሰጋ ከሆነ ሞተሩ እየዞረ ቀስ ብላችሁ ምቱ፣ ከዚያ የተረፈው እስኪወጣ ጊዜ ሰጥታችሁ ዝጉት። አዲስ ግራሶ እንደገባ ሙቀቱ መጀመሪያ ከፍ ሊል ይችላል፤ ቦታውን ሲይዝ ይወርዳል። ካልወረደ በዝቷል።

መቀላቀል ሌላው ጉድ ነው። አብዛኛው ገበያ ላይ ያለው ግራሶ የሊቲየም ዘር ነው፤ ክላረንስ ኧርል የተባለ አሜሪካዊ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ ዓለምን የሞላው እሱ ነው። ብዙ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ግን ከፋብሪካቸው ሲወጡ የሚሞሉት ፖሊዩሪያ በሚባለው ነው። ከሸክላ አፈር የሚሠራ፣ በሙቀት የማይቀልጥም አለ። እነዚህ አንዱ ባንዱ ላይ ሲጨመሩ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። አንዳንዱ ድብልቅ ቀጥኖ ይፈስሳል፣ አንዳንዱ ደርቆ ዘይቱን አልለቅም ይላል። ሁለቱም ግራሶዎች ለየብቻቸው ምርጥ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ችግሩ መገናኘታቸው ነው። ዓይነት መቀየር ካለባችሁ ኩሽኔታውንና ቤቱን ከፍታችሁ አጽዱ። መክፈት ካልተቻለ አሮጌው ተገፍቶ እስኪወጣ ድረስ በአጭር በአጭር ጊዜ ልዩነት እየመታችሁ ተከታተሉት። ሁለት ዓይነት ግራሶ ካላችሁ ሁለት ፓምፕ ይኑራችሁ፤ አንዱን ፓምፕ ለሁለቱም እያጠቡ መጠቀም ማለት መቀላቀል ማለት ነው።

ቆሻሻን በተመለከተ የዱቄት ፋብሪካ ሰው ብዙ የሚለው አለው። ሰው የሚፈራው ዱቄቱን ነው። ዱቄት በርግጥ እርጥበት ይስባል፣ ግራሶውን ሊጥ ያደርገዋል። ኩሽኔታ በብዛት የሚፈጀው ግን የስንዴ ማበጠሪያው ክፍል ነው፤ ከስንዴው ጋር ከእርሻ የመጣው አፈርና አሸዋ እዚያ ነው የሚራገፈው። አሸዋ ብረት ይቆርጣል። ከዚያ ቀጥሎ ስንዴው ከመፈጨቱ በፊት ውሃ የሚያገኝበት ቦታ አለ፤ እዚያ ያሉት ኩሽኔታዎች ደግሞ ከውሃ ጋር ነው የሚታገሉት። ካልሲየም ሰልፎኔት የሚባለው ግራሶ ውሃን ደህና አድርጎ ይቋቋማል። ዋጋው ይበልጣል፣ ለዚያ ቦታ ግን ያዋጣል እላለሁ።

የሚያሳዝነው ብዙውን ቆሻሻ በገዛ እጃችን ማስገባታችን ነው። የግራሶ በርሜል ክዳኑ ተከፍቶ ያድራል። በእንጨት ወይም በተገኘው ብረት እየተዛቀ ፓምፕ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ከኒፕሉ ላይ አቧራው ሳይጠረግ ይመታል፤ ያ አቧራ ቀጥታ ብዩ ጋ ይደርሳል። ማሽን ሲጸዳ ኮምፕረሰሩ የኩሽኔታው ቤት ላይ ይደገናል፣ ዱቄቱ ከላይ የለቀቀ ይመስላል፣ ግማሹ ግን በመከለያው ገብቷል። በቫክዩም ወይም በብሩሽ አንሱት። አዲስ ኩሽኔታ ከካርቶኑ አውጥቶ በናፍጣ ማጠብም አለ። ለምን? ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው መከላከያ ዘይት ከአብዛኛው ግራሶ ጋር ይስማማል፣ ንጽሕናውም እኛ ከምናጥበው ይበልጣል። እስኪገጠም ድረስ ከመጠቅለያው አታውጡት።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልበል። በአምራቾች መመሪያ መሠረት ኩሽኔታው ከ70 ዲግሪ ሲያልፍ በየ15 ዲግሪው ጭማሪ የግራሶ መምቻው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ70 ዲግሪ በስድስት ወር አንዴ የሚበቃው በ85 ዲግሪ በሦስት ወር፣ በ100 ዲግሪ በወር ተኩል ይሆናል ማለት ነው። ሞተሮች ደግሞ በመደበኛው የሚነደፉት ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትርና እስከ 40 ዲግሪ የአየር ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን የማቀዝቀዝ አቅሙ ያንሳል። አዲስ አበባን የሚያካክስላት ብርዷ ነው። ድሬዳዋ ግን ከ1,000 ሜትሩም አልፋለች፣ ሙቀቷም ሙቀት ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ፋብሪካ የተቀዳ የግራሶ ፕሮግራም ድሬዳዋ ላይ እንዳለ አይሠራም፤ የሙቀት መለኪያ ይዛችሁ የራሳችሁን ማሽን አንብቡ።

ይህ ሙቀት ዱቄት ቤት ውስጥ የማሽን ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዱቄት ብናኝ አየር ላይ ሲበተን ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ1878 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ዋሽበርን የተባለው ግዙፍ የዱቄት ወፍጮ ፈንድቶ 18 ሰዎች ሞተዋል። የዚያን ጊዜው መንስኤ ከወፍጮ ድንጋዮቹ የተነሳ ብልጭታ እንደነበር ይነገራል፤ ዛሬ ድንጋዩ የለም፣ ነገር ግን እህል በሚያወጡ ኤሌቬተሮች ላይ የጋለ ኩሽኔታ ከዋና ዋና የእሳት መነሻዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። የኤሌቬተሩ የላይኛው ጫፍ ኩሽኔታ መሰላል ስለሚያስወጣ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው። እባካችሁ አትዝለሉት።

ግራሶ የማይፈታው ችግርም አለ። ቺንጋ ከልክ በላይ የሚያጠብቅ መካኒክ ሞልቷል፤ እንዳይንሸራተት ብሎ። የባለ ብይ ኩሽኔታ ዕድሜ ከሸክሙ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ነው የሚቀንሰው። ሸክሙ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው አንድ ስምንተኛ ይሆናል። በዚህ ላይ የፈለጋችሁትን ግራሶ ብትጨምሩ ለውጥ የለውም። ሻፍቱ (የሚዞረው ዘንግ) ከተጣመመ ወይም መሠረቱ ከሰመጠ እንዲሁ ነው። ስቬን ቪንግክቪስት የተባለው ስዊድናዊ ዮተቦሪ ከተማ አንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጉዳይ የሚመለከተው መሐንዲስ ነበር። የፋብሪካው መሬት ጭቃማ ስለነበር እየሰመጠ ረጃጅም ሻፍቶቹን ከመስመር ያስወጣቸዋል፣ ኩሽኔታዎቹም ይረግፋሉ። ሰውዬው የሻፍቱን መዘንበል ተከትሎ ራሱን የሚያስተካክል ባለ ሁለት ረድፍ ብይ ኩሽኔታ ፈጠረ፤ ኤስኬኤፍም እ.ኤ.አ. በ1907 የተመሠረተው በዚሁ ነው። ይህን ታሪክ የምወደው የዓለም ትልቁ ኩሽኔታ አምራች የተወለደው እንደ እኛ ኩሽኔታ መቀየር ከሰለቸው የፋብሪካ ሰው በመሆኑ ነው።

ቆመው ስለሚበላሹትም ልጥቀስ። ተጠባባቂ ሞተር ምንም ሳይሠራ ቆይቶ ሲነሳ ይጮኻል። ጎኑ ያለው ማሽን ሲንቀጠቀጥ ቆሞ ያለው ሞተር ብይ በአንድ ቦታ ላይ እየተፋተገ ዘይቱን ከመሐል ገፍቶ ቀለበቱን ይቦረቡረዋል። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አዳዲስ መኪኖች በባቡር ሲጓጓዙ ሳይነዱ ኩሽኔታቸው ተበልቶ ይደርስ የነበረው በዚሁ ነው። መድኃኒቱ ሻፍቱን በየሳምንቱ በእጅ ማዞር ነው፤ ሲቆም ከቀድሞው ቦታው ትንሽ አልፎ ይቁም። ሌላ ወጪ የለውም።

ወጪ ካልን፣ ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከዶላር አንጻር እንዴት እንደወረደ ሁላችንም እናውቃለን። ኩሽኔታው የሚመጣው በዶላር ነው። በታዋቂ ስም የታሸገ የውሸት ኩሽኔታ ደግሞ የዓለም ሁሉ ችግር ነው፤ ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ከወረደ፣ ጽሑፉ ከደበዘዘ፣ ካርቶኑና ቀለበቱ ላይ ያለው ቁጥር ካልተስማማ ተዉት። በእጅ ያለውን ማቆየት የሚሻልበት ጊዜ ነው፣ ማቆየት ደግሞ በግራሶ ነው።

እኛ ጋ የጀመርነውን ልንገራችሁ። ከእያንዳንዱ ኒፕል አጠገብ የግራሶው ዓይነትና የምቱ ብዛት በቀለም ተጽፏል። ሁለት ፓምፕ አለን፣ ሁለቱም ተመዝነዋል፣ በርሜሎቹ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሥራው የአንድ ልጅ ነው እንጂ ያገኘ ሁሉ የሚነካው አይደለም። ሙቀት መለኪያ ሰጥተነዋል፣ ደብተር ይዟል፣ ከመምታቱ በፊት ያነባል፣ ከመታ በኋላ ያነባል፣ ረጅም ካቻቪቴ ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። በቅርቡ አንድ ማለዳ መጥቶ «ጋሼ፣ የሁለተኛው ኤሌቬተር የላይኛው ከትናንቱ በ12 ዲግሪ ጨምሯል፣ ግራሶ ግን አልጨመርኩበትም፣ መጀመሪያ እዩት» አለኝ። ስንከፍተው የውጭው ቀለበት መላላጥ ጀምሯል። ስንዴ በማይፈጭበት ሰዓት ቀየርነው።

ይህ ልጅ በፋብሪካው የደመወዝ ደረጃ ላይ እስካሁን የተመዘገበው «የጉልበት ሠራተኛ» ተብሎ ነው። ከመካኒኮቹ እኩል ደረጃ እንዲሰጠው በጽሑፍ ጠይቀናል፣ ደብተሩንም አያይዘናል። መልሱን እየጠበቅን ነው።